የቅድመ ቅድመ መደበኛዋ ገነቴ

ነሐሴ ሲገባ ሆሳዕና ውስጥ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ጭቃና ዩኒፎርም። ጭቃውን ባጃጆቹ ለየሰዉ ያዳርሱታል። ዩኒፎርሙን ደግሞ ገነቴ ትሰፋዋለች።

ገነቴ የአንጋጫ ልጅ ናት። ሆሳዕና ከገባች ወዲህ ባል ቀብራ፣ አንድ ልጇን ሚክያስን አሳድጋ፣ ያሳደገችውንም ደቡብ አፍሪካ ሸኝታ፣ ከመናኸሪያው በታች ባለችው ቤቷ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ትኖራለች። በከምባትኛ ትጸልያለች፣ በሀዲይኛ ዋጋ ትከራከራለች፣ በአማርኛ ልክ ትወስዳለች። ሃምሳን ካለፈች ቆይታለች፤ ስንት እንደሆናት ስትጠየቅ ግን ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የጠያቂውን ወገብ መለካት ትጀምራለች።

አንድ ቀን ጴጥሮስ ልጁን አዶናይን ለልክ ይዞ መጣ። ጴጥሮስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የዕቅድ ባለሙያ ነው። ከገነቴ ጋር የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። አዶናይ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ መስከረም ላይ መዋዕለ ሕፃናት ይገባል።

«ስምህ ማነው የኔ ጌታ?» አለችው ገነቴ።

«ማይ ኔም ኢዝ አዶናይ» አለ ጴጥሮስ።

«እስቲ ክንድህን ወደ ላይ።»

ጴጥሮስ የልጁን ክንድ ወደ ላይ አነሣው።

«ዙርልኝ።»

አዞረው።

«ልጁ ራሱ አይዞርም እንዴ?»

«ይዞራል እህት ገነቴ፤ ግን ጊዜ ይወስድበታል።»

ልጁ እግሩን ማጠላለፍ ጀመረ። ገነቴ ብዙ ሕፃን የለካች ሴት ናትና ነገሩ ቶሎ ገባት። «ሽንትህ መጣ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

«አልመጣም፤ ቅድም ቤት ሸንቷል» አለ አባትየው።

አፉን ሳይዘጋ የአዶናይ ሱሪ ራሰ። ከሱሪውም አልፎ፣ ተቆርጦ መሬት ላይ የተዘረጋውን የሌላ ሰው ዩኒፎርም አራሰው። ጴጥሮስ ልጁን አቅፎ አነሣና በሁለት እጁ ቁልፉን ለመፍታት ታገለ፤ የልጁ እጆች ሥራ እንደፈታ ሰው በሁለት ጎን ተንጠልጥለው ቀሩ።

«ጴጥሮስ፣ ይሄ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ አንተም አብረህ ልትገባ ነው?»

«ጠይቄ ነበር፤ አይፈቀድም አሉኝ» አለ ጴጥሮስ ከልቡ አዝኖ።

«እንግዲያው ጠዋት ጠዋት እዚህ ተወው። ሱሪ መፍታትና መታጠቅ ላስተምረው። ለሱ ብዬ እንዳይመስልህ፣ ለጨርቄ ብዬ ነው።»

ገነቴ ትልቅም ትንሽም ቁልፍ፣ ዚፕም መንጠቆም፣ ያላትን ሁሉ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፋችና ለአዶናይ ሰጠችው። እሷ ስትሰፋ እሱ ይፈታል፤ ይቆልፋል፤ ይናደዳል፤ ጨርቁን ይወረውራል፤ ሄዶ ያነሣዋል። ሽንቱ ሲመጣ እግሩን ማጠላለፉን ትቶ በአፉ እንዲናገርም አስተማረችው። ሳምንት ሳይሞላው ሁለቱንም ቻለ።

በተከተለው እሑድ፣ አምልኮ ላይ፣ ፓስተሩ «ጌታ ዛሬ ምን ይለናል?» ብለው ጉባኤው ፀጥ እንዳለ አዶናይ ወንበር ላይ ቆመና «ሽንቴ መጣ!» አለ። ምእመኑ በሳቅ ወደቀ። እናቱ ራሄል ግን አልሳቀችም፤ ልጇ መዝሙረ ዳዊት በቃሉ የደገመ ያህል ደረቷን ነፍታ ይዛው ወጣች። ሲመለሱ ሱሪውን ራሱ መታጠቁን ያላየ ካለ ብላ በመካከለኛው መተላለፊያ አዞረችው። ከአምልኮ በኋላ የከበቧትን እናቶች ሁሉ «ገነቴ ናት ያሠለጠነችው» አለቻቸው።

ማክሰኞ ዕለት የገነቴ በረንዳ በሕፃናት ተሞላ። ጫማ ማሠር የማይችል፣ ምሳ ዕቃ መክፈት የማይችል፣ ስሙን ሲጠየቅ እናቱን የሚያይ፣ ንፍጡ እንዲጠረግለት አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቅንቶ የሚጠብቅ፣ ሁሉም መጣ። ከመጡት መካከል መናኸሪያው ጥግ የፕላስቲክ ዕቃ የምትነግደው ሃቢባ ልጇን ሀኒን ይዛ ነበር። ሃቢባ በረንዳውን ከላይ እስከ ታች አየችና ሱቋ ሄዳ ትንንሽ የፕላስቲክ ወንበሮች በጋሪ አስጭና ተመለሰች።

«እትዬ ገነቴ» አለቻት፣ «ስም የሌለው ነገር ሰው አያከብረውም። ስም አውጪለት።»

ስም የማውጣቱን ነገር ጴጥሮስ ያዘው። ዕቅድ ባለሙያ ነውና ዝም ብሎ ስም አያወጣም፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ባለጉዳይ እያስጠበቀ ሲያረቅ ሰነበተ። በመጨረሻ ቤቱን ከነበረንዳው የሚሸፍን ባነር ተሰቀለ፦ «ገነቴ የቅድመ ቅድመ መደበኛ ዝግጅት ማዕከል»። ከሥሩ ራዕይ ነበረው፦ «በ2022 ዓ.ም. ሱሪውን በራሱ የሚፈታና የሚታጠቅ፣ በአፍሪካ ደረጃ ተወዳዳሪ የሆነ ትውልድ ተፈጥሮ ማየት»። እሴቶችም ነበሩት፦ «ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ እጅ መታጠብ»።

ገነቴ አነበበችውና «ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለች። በማግስቱ ግን በነሐሴ ብርድ ተመካኝታ ጥቁር ኮት ደርባ ወጣች። በሳምንቱ ደወል ገዛች። ልጆቹ ፊቷ ቁጭ ብለው ሳሉ ትደውልላቸዋለች፤ ምን እንደሚደረግ አያውቁምና ያጨበጭባሉ። «ዳይሬክተር» ብሎ የጠራትን ከሩቅ ትሰማለች፤ «ሰፊዋ» ያላትን ግን ሁለት ጊዜ ማስጮህ ጀመረች።

ልጆቹ አላስቸገሯትም። ያስቸገሯት ወላጆቹ ናቸው። በግቢው አጥር ሥር ተደርድረው ይቀመጡና አንድ ልጅ ቁልፍ ሲያቅተው ሦስት እናት ይነሣል። ምሳ ዕቃው አልከፈት ያለው ልጅ ትንፋሽ ሳይስብ የአባት እጅ ከኋላው ዘልቆ ይከፍትለታል። ራሄል ሹካ መያዝ ለማያውቀው ለአዶናይ ፓስታ ትቋጥርለታለች፤ እሱ ዓይኑን የጎረቤቱ ልጅ ቆጮ ላይ ተክሎ ይቀመጣል፤ እሷ እየጠቀለለች ታጎርሰዋለች። ገነቴ ወላጆቹን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙራ አስቀመጠቻቸው። አንገታቸውን እየጠመዘዙ ማየት ጀመሩ። ያኔ ነው ልብስ ስፌቱን ትታ መፍትሔ ያሰበችው።

«ልጆቻችሁ ጨርሰዋል» አለቻቸው። «ቅዳሜ ከሰዓት እናንተ ትመጣላችሁ።»

ቅዳሜ መጡ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ነበር። ጴጥሮስ ገና ሳይጀመር እጁን አወጣ።

«ሥልጠናው አበል አለው?»

«የምን አበል?»

«ለሠልጣኝ ነዋ። ወይ የታሸገ ውሃ።»

ገነቴ በጆግ ውሃ አስመጣችና ትምህርቱን ጀመረች። ትምህርቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅን በር ላይ አድርሶ፣ «ቻው፣ ስትወጣ እመጣለሁ» ብሎ፣ ዞሮ መሄድ። ወላጆቹ ጻፉት። አንዱ አባት «ቻው» ከ«እመጣለሁ» ይቀድማል ወይስ ይከተላል ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወደ ተግባር ተገባ። ገነቴ ልጁን ሆና መሬት ተቀመጠች፤ ኮቷ እንዳይቆሽሽ መጀመሪያ አወለቀች፤ የጴጥሮስን ሱሪ ግጥም አድርጋ ያዘችና «አባዬ አትሂድ!» ብላ ጮኸች።

ጴጥሮስ ሊያነሣት ጎንበስ አለ።

«በል ሂዳ» አለች ገነቴ በራሷ ድምፅ።

«እህት ገነቴ፣ የዘንድሮው ይለፈው ይሆን? ለከርሞ ቢገባስ?»

እንደምንም እስከ በሩ ሄደ። «መሐረብ አልሰጠሁትም» ብሎ ተመለሰ። ሄደ፤ «ሳልጸልይለት» ብሎ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ እውነትም ወጣ፤ ግን በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ዓይኑ ይታይ ነበር።

የሃቢባ ተራ ደረሰ፤ እሷ ይዛት የመጣችው እውነተኛ ልጇን ሀኒን ነበር። «ቻው የኔ ቆንጆ፣ ስትጨርሺ እመጣለሁ» አለች፤ ዞረች፤ ወጣች። ተጠበቀች፤ አልመጣችም። ሰው ተልኮ ቢታይ ሱቋ ውስጥ ባልዲ ትሸጣለች። ገነቴ ደስ ብሏት አጨበጨበች፤ ወላጆቹ ግን አጉረመረሙ።

«ነጋዴ አንጀት የለው» አለች ራሄል።

ጴጥሮስ በውርደቱ ተናዶ ኖሮ «ማስተማርስ ቀላል ነው» አለ። «እርስዎ ሚክያስን ሲሸኙ እንዲህ ዞረው ሄዱ?»

ራሄል ባሏን በክርኗ ጎሰመችው። ገነቴ ኮቷን አንሥታ ለበሰች፤ ቁልፉን ቆለፈች፤ እንደገና ፈታችው።

«መናኸሪያ ድረስ ልሸኘው ነበር የሄድኩት» አለች። «ቻው አልኩት። ካልኩት በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። ሀላባ ላይ ‹እማዬ ውረጂ እንጂ› አለኝ፤ አልወረድኩም። ሻሸመኔ ላይ ረዳቱ ነው ያወረደኝ። ጢም ያወጣ ሰው ነበር ያኔ፤ ጓደኞቹ ፊት አሳፈርኩት። እስከዛሬ ስልክ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ‹ወርደሻል ወይ?› ብሎ ነው። እየቀለደ ነው ብዬ እስቃለሁ።»

ጴጥሮስ ተነሥቶ፣ ሳይታዘዝ፣ ትንሿን ወንበር «ቻው፣ ስትወጣ እመጣለሁ» አላትና ወጣ። እስከ ባጃጅ ማቆሚያው ድረስ ዞር ሳይል መሄዱን ሀኒ በር ላይ ቆማ አረጋገጠች።

ጳጉሜን ላይ ወላጆች ምረቃ ካልተደረገ አሉ። ገነቴ ከተረፋት ገበር ለልጆቹ ትንንሽ ጋዋን ሰፋች። ሲያልቅ ወላጆቹ አኮረፉ፤ «እኛስ አልተማርንም?» ለእነሱም ተሰፋ። ጴጥሮስ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ያላለቀሰውን ያን ቀን አለቀሰ። የክብር እንግዳው አቶ ወልደኪዳን ነበሩ፤ አብዛኞቹ ልጆች የሚገቡበት፣ ኮረብታው ላይ ያለው የግል መዋዕለ ሕፃናት ባለቤት። ስለ ትምህርት ጥራት ረጅም ንግግር አደረጉ። ንግግሩ የረዘመባት ሀኒ መድረኩ ላይ ተቀምጣ ጋዋኗን ቁልፍ በቁልፍ ፈታች፣ አጠፈችው፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋንም። ወላጆቹ ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ። አቶ ወልደኪዳን ጭብጨባው ለእሳቸው መሰላቸውና ከተጻፈላቸው ወጡ፦

«የመስከረሙ ምዝገባ አልቋል፤ ከእንግዲህ ከገነቴ ማዕከል ያልተመረቀ ልጅ እኛ ጋ አይገባም!»

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተ። አዶናይ አባቱን «ቻው» ብሎ ገባ። ጴጥሮስም ዞሮ ሄደ፤ ሚስቱ እያየችው ሄደ። ከዚያ ባጃጅ ተኮናተረና የትምህርት ቤቱን ዙሪያ እስከ ምሳ ሰዓት ዞረው። ባለባጃጁ በኋላ ለሰው ሲያወራ ጭንቅላቱ መዞሩን ነው የሚናገረው። አዶናይ ሲወጣ ጉልበቱ ቆሽሿል፤ አንድ ካልሲ የለውም፤ ደስ ብሎታል። የገነቴ ተመራቂዎች በሙሉ ሱሪያቸውን ራሳቸው ሲፈቱ ስለዋሉ ወሬው ከዱራሜ እስከ ሺንሺቾ ተሰማ።

እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። የአቶ ወልደኪዳን ዐዋጅ ወላጁን አስደነገጠው። ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጅ አዝሎ የሚመጣ መጣ። ገና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ቦታ እንዲያዝላት ጠየቀች። ግቢው አልበቃ አለ። ገነቴ ጴጥሮስን አማከረች፤ ጴጥሮስ «የመግቢያ ፈተና» አላት። ፈተናው ቀላል ነው፤ ሱሪውን ራሱ የሚፈታና የሚታጠቅ ልጅ ይገባል፤ የማይችል አይገባም። ገነቴ መጀመሪያ አመነታች። ሁለት ቀን ፈትና ስታይ ግን ሥራው ደስ የሚል ሆኖ አገኘችው፤ የገቡት ልጆች ሁሉ ጎበዞች ናቸው፤ ማስተማር አያስፈልጋቸውም፤ ደወል ብቻ ነው።

ጥቅምት ላይ ከቦቢቾ በኩል እታለም የምትባል ድንች ነጋዴ ሴት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ አንዷን ቁልፍ ይዛ ለረጅም ጊዜ ታገለች፤ አልሆነላትም። ገነቴ በኮቷ እጅጌ ውስጥ እጇን ሰብስባ «አልፈተነችም፤ አላለፈችም» አለች፤ የጴጥሮስን የመሥሪያ ቤት አነጋገር ልትኮርጅ ስትል ቋንቋው ተዘባርቆባታል።

«ምን አጠፋች?» አለች እታለም።

«ቁልፍ መፍታት አልቻለችም።»

«እሱን ብትችልማ ለምን ይዣት እመጣለሁ?»

ገነቴ ደወሏን አንሥታ «ደንብ ነው» አለች።

እታለም ልጇን አዘለች። አልተቆጣችም፤ ገበያ ትቸኩል ነበር። «ግድ የለም። ለእርስዎ ፈተና ልጆች የምታዘጋጅ ሴት አለች ብለውኛል፤ መጀመሪያ እዚያ እወስዳታለሁ።»

«የት?»

«መናኸሪያው ጥግ። ባልዲ የምትሸጠው።»

ገነቴ ደወሏን እንደያዘች ወደ ሃቢባ ሱቅ ገሰገሰች። ከጀርባ፣ በጆንያና በጀሪካን መካከል፣ በፈተና የወደቁ ልጆች በትንንሽ ወንበር ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ «የገነቴ ፈተና ዝግጅት» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ሃቢባ ቁልፍ የተሰፋበት ጨርቅ ይዛ ታስተምራለች።

«ሃቢባ! አንቺ!»

«ቁጭ ይበሉ እትዬ ገነቴ» አለች ሃቢባ ሳትደነግጥ።

«ከኋላዬ እንዲህ ታደርጊኛለሽ?»

«እርስዎ በር ዘጉ፤ እኔ በር ከፈትኩ። ነጋዴ ሌላ ምን ይሠራል? ሰዉ ልጁን ይዞ ሱቄ በር ላይ ሲያለቅስ ባልዲ መሸጥ አልቻልኩም።»

ገነቴ ዙሪያዋን ስታይ አንድ ልጅ ቁልፉን በጥርሱ ሊፈታ ይታገላል። «እንደሱ አይደለም!» ብላ ጮኸች፤ «ማነው እንዲህ ያሳየው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሃቢባ። «እኔ እንደዚያ ነው የምፈታው።»

ገነቴ ደወሉን መሬት ላይ አስቀመጠችና ልጁ ጎን ተቀመጠች። የእታለም ልጅም መጥታ ትከሻዋን ተደገፈች። ያን ቀን ገነቴ እስከ ማታ ከዚያ አልተነሣችም፤ የራሷ ማዕከል ጎበዞች ያለ ዳይሬክተር ሲንጫጩ ዋሉ።

በማግስቱ ፈተናውን አስቀረችው። ጴጥሮስ ያለ ጥናት እንዲህ ያለ ውሳኔ እንደማይወሰን ሊያስረዳት ሞከረ፤ ወገቡን ልትለካ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች፤ ወጥቶ ሄደ። ቁልፍ የሚችሉትን ጎበዞች ወደየቤታቸው ሸኘቻቸው። ወላጆቻቸው «ልጃችን ባወቀ ተባረረ» ብለው እስከ ዛሬ ያዝኑባታል። የማይችሉትን ግማሹን በረንዳዋ ላይ፣ ግማሹን ከሃቢባ ሱቅ ጀርባ አስቀመጠች። ሁለቱ ሴቶች በየቀኑ ይጣላሉ፤ በየቀኑ ምሳ አብረው ይበላሉ። ኮቱን ግን አላወለቀችውም፤ ተስማምቷታል።

አቶ ወልደኪዳን ነገሩን ሲሰሙ መጥተው ተቆጡ። ሁሉም ልጅ ከተመረቀ እሳቸው በምን ይመርጣሉ? ለተቋማቸው ገጽታ ሲሉ የራሳቸውን ፈተና እንደሚያወጡ ዝተው ሄዱ፤ አወጡም። ኅዳር ላይ ግን አንድ ቀን በባጃጅ፣ መጋረጃውን አስጋርደው፣ የልጃቸውን ልጅ ይዘው በገነቴ ግቢ በር ቆሙ። ልጁ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ጫማውን እስካሁን ሞግዚት ናት የምታደርግለት።

«በውስጥ መስመር ልትይዢልኝ ትችያለሽ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ሳያይ።»

«ልጁ ነገ ይምጣ» አለች ገነቴ። «እርስዎ ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣሉ።»

«እኔ? እኔኮ የትምህርት ሰው ነኝ።»

«ቅዳሜ።»

መጡ። በሙሉ ልብስ፣ ጉልበታቸው ጆሯቸው ደርሶ፣ ትንሿ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ከእታለም ጎን ተቀመጡ። መሃል ላይ የልጅ ልጃቸው ግራውን ጫማ በቀኝ እግሩ ሊያደርግ ይታገላል። አቶ ወልደኪዳንን ላብ አጠመቃቸው።

«ያንቺ ልጅ እንዴት ቻለች?» ብለው እታለምን በሹክሹክታ ጠየቋት።

«እኔ እንጃ። ድንች ስመርጥ እጄ ይያዛል፤ በዚያ መሃል ለመደችው መሰለኝ» አለቻቸው።

አቶ ወልደኪዳን የሚመርጡት ድንች አልነበራቸውምና ሁለት እጃቸውን ከጀርባቸው አቆላለፉ። ልጁ ጫማውን ወርውሮ አለቀሰ፤ እየተጎተተ ሄዶ አነሣው፤ እንደገና በተሳሳተው እግሩ ሞከረ። የአቶ ወልደኪዳን አንድ እጅ ከጀርባቸው ሹልክ ብሎ ሲወጣ እታለም አየችና ክንዳቸውን ይዛ መለሰችው።